ሮዝ የተቀባው ቤተ መንግሥት፦ ስለ መዝናኛ ፓርኮች አስቀያሚ ዲዛይን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1996 መገባደጃ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ወዳለው የዲዝኒ ወርልድ ፓርክ፣ ወደ ማጂክ ኪንግደም፣ የገባ ጎብኚ፣ በፖስት ካርድ የሚያውቀውን የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት አላገኘም። በቦታው የቆመው ግዙፍ የልደት ኬክ ነበር። ግድግዳው ደማቅ ሮዝ ተቀብቷል፣ ማማዎቹ ላይ ሻማ ተተክሏል፣ ከረሜላና ክሬም የሚመስል ጌጥ ከላይ እስከ ታች ተለጥፎበታል። ዲዝኒ ወርልድ 25ኛ ዓመቱን እያከበረ ነበርና ለዚህ ከ400 ጋሎን በላይ ሮዝ ቀለም ፈሷል፤ በሊትር ከ1,500 ያልፋል። ለዓመታት አጠራቅመው ልጆቻቸውን ያመጡ ወላጆችና በቤተ መንግሥቱ ፊት ፎቶ ሊነሡ ያሰቡ ሙሽሮች ምን እንዳሉ መገመት አይከብድም። ኬኩ እስከ 1998 መጀመሪያ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም።

የመዝናኛ ፓርክ ቅሬታ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ዋጋውንና ሰልፉን ነው። «ዓይኔን አስጠላው» የሚለው ቅሬታ ግን ከሁለቱም አያንስም፣ በዙሪያውም ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ልጆቹን ጭኖ ኦርላንዶ ደርሶ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሚከተሉት አንዱን ሳትሰሙ አትቀሩም።

«ለመልክ ግድ ስለሌላቸው ነው»

ከሁሉም የተስፋፋው ይሄ ነው። ከሁሉም የራቀውም ይሄው ነው።

ዋልት ዲዝኒ በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድን ሲከፍት ከዋናው መንገድ ጫፍ ላይ ቤተ መንግሥት ያስቀመጠው የጎብኚውን እግር እንዲጎትት ብሎ ነው። እንዲህ ያለውን ከሩቅ የሚጠራ ነገር «ቋሊማ» ይለው ነበር፤ ውሻ ቋሊማ ካሳዩት ወደፈለጉት ይከተላልና። ያ ቤተ መንግሥት ቁመቱ 23 ሜትር ብቻ ነው። ፎቅ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መጠኑን እያሳነሱ ስለሠሩት ግን ረጅም ይመስላል። የፓርኩ ዙሪያ ደግሞ በአፈር ክምር ታጥሯል፣ ውጭ ያለው መኪናና ሕንፃ እንዳይታይ።

ይህ ጭንቀት ከዋልት ዲዝኒ ጋር አልሞተም። በ1994 ፍሎሪዳ ላይ የተከፈተው ታወር ኦፍ ቴረር የተባለው የሚወርድ ሊፍት ቁመቱ 199 ጫማ ነው፤ ወደ 60 ሜትር ተኩል ይሆናል። 200 ያልሞላው ሠሪዎቹ አቅም አንሷቸው አይደለም። 200 ጫማ የደረሰ ግንባታ ለአውሮፕላን ተብሎ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይደረግበታል፣ ያረጀ የሆሊውድ ሆቴል ነው በተባለ ሕንፃ አናት ላይ ደግሞ ያ መብራት ነገሩን ሁሉ ያበላሻል። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ጀርባው ነው። ሕንፃው ከጎረቤቱ ፓርክ ከኤፕኮት፣ የሞሮኮን አገር ለማሳየት ከተሠሩት ሕንፃዎች ጀርባ ብቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቀለሙንና የጣሪያውን ቅርፅ ከሞሮኮ ሕንፃዎች ጋር አስማሙት። ከኤፕኮት ሐይቅ ማዶ ሆኖ የሚያይ ሰው የሞሮኮው አካል ይመስለዋል እንጂ የሌላ ፓርክ መጫወቻ መሆኑ አይታወቀውም።

መደበቅ ለሚፈልጉት አጥርና በር የሚቀቡት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴም አላቸው። ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «ዞር በል አረንጓዴ» ነው።

ታዲያ እንዲህ የሚጨነቁ ሰዎች እንዴት ይሳሳታሉ? መጫወቻው ከመደበቂያው በለጠ። በ2022 ኤፕኮት ውስጥ የተከፈተው በጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ ፊልም ስም የተሠራው ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ የሚከንፍ መጫወቻ) ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ነው የሚሮጠው። ቤቱም ከመጋዘን የማይለይ ግዙፍ ሳጥን ነው። ሰማያዊ ቀቡት፣ ከሰማዩ ጋር ይመሳሰል ብለው። ሰማዩ ሲደምን ሳጥኑ ብቻውን ይቀራል።

«ችግሩ ዕቃው ራሱ አስቀያሚ መሆኑ ነው»

ጎብኚ ሲያማርር ጣቱን የሚቀስረው ዕቃው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ዕቃው የቆመበት ቦታ ነው፣ ወይም የጋረደው ነገር።

በ2001 ዲዝኒ-ኤምጂኤም ስቱዲዮስ (ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው የፍሎሪዳ ፓርክ) መሃል 37 ሜትር የሚረዝም የጠንቋይ ባርኔጣ ተተከለ። ሰማያዊ ነው፣ ኮከብና ጨረቃ አለበት፣ ልጅ ይወደዋል። ለብቻው አደባባይ ቢቆም ማንም አያማርርም ነበር። የቆመው ግን በሎስ አንጀለሱ የቻይና ቲያትር አምሳል የተሠራው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ፓርኩ ሲነደፍ የመንገዱ ሁሉ መድረሻ እንዲሆን የታሰበው ያ ሕንፃ ነበር። ቋሊማው ተሸፈነ ማለት ነው።

ኤፕኮት ላይም እንዲሁ ሆነ። 55 ሜትር ቁመት ያለው ስፔስሺፕ ኧርዝ የሚባለው ክብ ሕንፃ የሚያምረው ምንም ያልተቀጠለበት ኳስ ስለሆነ ነው። አዲሱን ሚሊኒየም ለማክበር ብለው ከጎኑ የሚኪ ማውስን ግዙፍ እጅ ከነአስማት ዱላው፣ ከላዩ ደግሞ «2000» የሚል ቁጥር አቆሙበት። ዓመቱ ሲያልፍ ቁጥሩን አንሥተው «ኤፕኮት» ብለው ጻፉበት፤ እጁ እስከ 2007 ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኬኩ፣ እጁና ባርኔጣው ሦስቱም ለበዓል ተብለው የመጡ ናቸው። ባርኔጣውም ዋልት ዲዝኒ የተወለደበትን 100ኛ ዓመት ለማክበር ነበር የተሠራው፤ የተነሣው በ2015 ነው። ሰርጉ ካለቀ በኋላ ሳይፈርስ የከረመ ዳስ ማለት ይሄ ነው። «ለጊዜው ነው» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ብቻ የሚያታልል ይመስለን ነበር።

«ቢጮኹስ ማን ይሰማል?»

ይሰማሉ። የሚሰሙት ግን ጩኸቱን ብቻ ሳይሆን የበሩን ቆጣሪ ነው።

ከዲዝኒላንድ ፊት ለፊት በየካቲት 2001 የተከፈተው ካሊፎርኒያ አድቬንቸር ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለ ካሊፎርኒያ የተሠራ ፓርክ ነበር፤ ሐሳቡ ራሱ ጎብኚውን ግራ አጋባ። መግቢያው እንደ ፖስት ካርድ እንዲታይ ተብሎ «ካሊፎርኒያ» የሚሉ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ፊደላት ተደረደሩ፣ ባቡር የሚያልፍበት፣ የሳን ፍራንሲስኮውን ጎልደን ጌት የሚመስል አነስ ያለ ድልድይ ተሠራ፣ መጨረሻው ላይ ከቲታኒየም የተሠራ ግዙፍ ፀሐይ ቆመ። ፀሐዩ ፊቱን ወደ ሰሜን ስላዞረ እውነተኛዋ ፀሐይ አታገኘውም። ስለዚህ ብርሃኑን ተቀብለው የሚያንፀባርቁለት፣ ከፀሐይ ጋር የሚዞሩ መስተዋቶች ተተከሉለት። ፀሐይ እንዲመስል ፀሐይ በመስተዋት የሚመጣለት ፀሐይ! የዚያን ፓርክ በሽታ ከዚህ በላይ የሚገልጽ ነገር አላውቅም።

በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ገባ። መንገድ ተሻግሮ ያለው ዲዝኒላንድ በዚያው ዓመት ከ12 ሚሊዮን በላይ አስተናግዷል። ሱፐርስታር ሊሞ የተባለው መጫወቻ ዓመት ሳይሞላው በጥር 2002 ተዘጋ። በ2007 ኩባንያው ፓርኩን ለማደስ 1.1 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በሰኔ 2012 በሩ ሲከፈት ፀሐዩ የለም፣ ድልድዩም ጎልደን ጌትን መምሰሉ ቀርቷል፤ በቦታው ወጣቱ ዋልት ዲዝኒ የደረሰበትን የ1920ዎቹን ሎስ አንጀለስ የሚመስል መንገድ ተዘርግቷል። ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ መቀመጫ አለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በ2017 ግን እዚያው ካሊፎርኒያ ፓርክ የነበረውን፣ የፍሎሪዳውን አምሳያ ታወር ኦፍ ቴረር ወስደው በቱቦና በሚያብለጨልጭ ብረት አልብሰው የጋርዲያንስ መጫወቻ አደረጉት። የንድፉ መሪ ጆ ሮዲ መነሻቸው የነዳጅ ማውጫ መድረክ ውበት መሆኑን አስረድቷል። እንደ ሐሳብ አልጠላሁትም፣ መጫወቻውም ሰው ይወደዋል። ነገር ግን 56 ሜትር ገደማ የሚሆነው ያ ብረት በስንት ልፋት ከተሠራው የ1920ዎቹ መንገድ ላይ ሆነው ይታያል። ቅሬታ ሰምቶ ያስተካከለ ኩባንያ ያስተካከለውን መልሶ ሊረሳው ይችላል።

«ገንዘብ ካለ ውበት ይመጣል»

ግማሹ እውነት ነው። በሚያዝያ 1992 ፓሪስ አጠገብ የተከፈተው ዩሮ ዲዝኒ ከዲዝኒ ፓርኮች ሁሉ የተዋበው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ፈረንሳይ እውነተኛ ቤተ መንግሥት ሞልቷታልና የእነሱን ከተረት መጽሐፍ የወጣ አስመሰሉት፣ ከሥሩም ዋሻ ውስጥ የሚያጉረመርም ዘንዶ አስተኙ። ወጪውና ዕዳው ግን ኩባንያውን ሊያሰጥመው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቦርሳው ተቋጠረ። እዚያው ጎን በ2002 የተከፈተው ሁለተኛው ፓርክ፣ ዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮስ፣ በአብዛኛው አስፋልትና የመጋዘን ግድግዳ ነበር። ሰበብም ተገኘለት፦ የፊልም ስቱዲዮ እውነትም መጋዘን ነው። እውነት ነው፤ መጋዘን ለማየት ግን ትኬት የሚቆርጥ የለም።

ሌላኛው ግማሽ እንግሊዝ ውስጥ አለ። ስታፎርድሺር ያለው አልተን ታወርስ ከዛፎቹ አናት በላይ እንዳይገነባ ተከልክሏል። ስለዚህ በ1994 ኔመሲስ የተባለውን ሮለር ኮስተር ሲሠሩ ወደ ላይ መውጣቱን ትተው ዐለቱን በፈንጂ እየፈለጡ ወደ ታች ወረዱ። ሐዲዱ በገደል መሃል፣ ቀይ ውሃ በሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ይጠማዘዛል። ከሩቅ አይታይም፤ ሲጠጉት ያስደነግጣል። በገንዘብ የማይገዛውን ክልከላው አመጣው።

«ቀልዱ ስላልገባችሁ ነው»

ይህኛው የጎብኚው ሳይሆን የዲዛይን ወዳጆች ስሕተት ነው። ፍሎሪዳ ባለው አኒማል ኪንግደም በተባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ዲኖ-ራማ የሚባል ክፍል ነበር። የተፈጠረለት ታሪክ ሲነገር ያስቃል፦ ቼስተርና ሄስተር የተባሉ ነዳጅ ማደያ ያላቸው ሽማግሌና አሮጊት በሰፈራቸው በ1947 የዳይኖሰር አጥንት ሲገኝ ገበያ አየንበት ብለው መኪና ማቆሚያቸው ላይ የመንገድ ዳር ባዛር ከፈቱ። ርካሽ መምሰሉ የታሰበበት ነው። የአስፋልቱ መስመርና ስንጥቅ ሳይቀር ተሠርቶለታል።

ጎብኚው ያየው ግን ታሪኩን ሳይሆን አስፋልቱን ነው። ከመቶ ዶላር በላይ ከፍሎ፣ በፍሎሪዳ ሙቀት፣ ጥላ በሌለው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በየከተማው ባዛር ከሚገኘው ብዙ የማይለይ መጫወቻ ፊት ተሰለፈ። አላማረም ሲል ቀልዱ አልገባህም ይሉታል። ገብቶታል፤ ያልሳቀው ከፋዩ እሱ ስለሆነ ነው። ዋናው መጫወቻ በ2020፣ የቀረው በ2025 መጀመሪያ ተዘጋ።

«ጣሪያ ፓርክን ገበያ አዳራሽ ያስመስለዋል»

ያስመስለዋል፤ ግን ዝናቡን ማን ይከልክለው? በ1983 የተከፈተው ቶኪዮ ዲዝኒላንድ የመግቢያ መንገዱን በመስተዋት ጣሪያ የሸፈነው አገሩ ዝናብ ስለሚበዛበት ነው። ከአሜሪካ የሚሄዱ «ቤተ መንግሥቱ በደንብ አይታይም» ይላሉ፤ የከተማው ሰው ግን ዣንጥላውን አጥፎ ይገባል። አቡዳቢ ላይ በ2018 የተከፈተው ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ ደግሞ ጭራሽ ሁሉም ነገሩ ቤት ውስጥ ነው፣ ሰማዩ እንኳ። ከውጭ ትልቅ ሳጥን ነው ብሎ የሚተች አይጠፋም። በሐምሌ ቀትር ኤሚሬትስ ውስጥ አውቶቡስ ጠብቆ የሚያውቅ ወገናችን ግን የሳጥኑን ዋጋ ያውቃል። ጥላም ዲዛይን ነው።

«አስቀያሚው ሲፈርስ ሁሉም ደስ ይለዋል»

ባርኔጣው ሲነሣ ያዘኑ ነበሩ። በ2001 ከሥሩ ፎቶ የተነሣ የ6 ዓመት ልጅ በ2015 20 ዓመት ሞልቶታል፤ ለእሱ ፓርኩ ማለት ባርኔጣው ነው። የቻይናውን ቲያትር እይታ ጋረደ የሚለው ክርክር ከእሱ በፊት የተነሣ ክርክር ነው።

«ካሊፎርኒያ» የሚሉት ፊደላትም አልቀለጡም። ለካሊፎርኒያ ግዛት ባዛር ተሰጥተው ሳክራሜንቶ ካለው የባዛሩ ሜዳ መግቢያ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ድልድይ የለም፣ የሚጋርዱትም ነገር የለም። እዚያ ያማሯቸው ብዙም አልሰማሁም።