«ጠርዝህን ይዘህ ሂድ» እና ሌሎች ሞተረኛን የሚያስጎዱ ምክሮች

ሞተር መንዳት የጀመረ ሰው መካሪ አያጣም። ጎረቤቱም፣ ጋራዡም፣ ከኋላው የሚጫነውም ይመክረዋል። አብዛኛው ምክር በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሰው ያስገድላል። ስህተቶቹ በብዛት የሚወለዱት ደግሞ ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ሞተር በመንገዱ ላይ አንድ ቋሚ ቦታ አለው ከሚል። የለውም።

አንድ ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይሰፋል። መኪና ሙሉውን ስለሚይዘው ምርጫ የለውም። ሞተር ግን ከመሪው ጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በዚያው ረድፍ ውስጥ ሦስት ቦታ ያገኛል፦ የመኪና ግራ ጎማ የሚረግጠው፣ መሃሉና የቀኝ ጎማ የሚረግጠው። ከዚህ በታች «ግራው»፣ «መሃሉ»፣ «ቀኙ» የምንላቸው እነዚህን ነው። የቱን እንምረጥ? ፊት ለፊት ምን ያህል አያለሁ? ሌላው ያየኛል? ክፉ ቢመጣ የምሸሽበት አለ? ከጎማዬ ሥር ያለው መሬት ይይዛል? የእነዚህ መልስ በየመቶ ሜትሩ ስለሚለወጥ ቦታችንም አብሮ መለወጥ አለበት።

«ሞተር ጠርዝ ይዞ ነው መሄድ ያለበት»

በጣም የተስፋፋውም፣ በጣም የሚጎዳውም ይህ ነው። መነሻው «ቀኝህን ይዘህ ንዳ» የሚለው ደንብ ነው። ደንቡ የሚናገረው ግን ስለ መንገዱ ቀኝ ጎን ነው፤ ጠርዙን ታክካችሁ ሂዱ አይልም።

ጠርዙ ላይ ምን እንዳለ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ጠጠር፣ የጠርሙስ ስብርባሪ፣ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከእግረኛ መንገድ ድንገት የሚወርድ ሰው፣ በሩን ሳያይ የሚከፍት የቆመ መኪና። የተከፈተ በር አንድ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ይገባል። ከከተማ ውጭ ደግሞ የአስፋልቱ አፍ ተሸርሽሮ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቀራል። የፊት ጎማ ከዚያ ከወረደና ሞተረኛው ደንግጦ በቀጭን ማዕዘን ሊመልሰው ከሞከረ፣ ጎማው ጠርዙን እየታከከ ይንሸራተትና ይጥለዋል። ከወረዳችሁ ጋዙን ቀንሱ፣ አፈሩ ላይ ቀጥ ብላችሁ ፍጥነታችሁን አውርዱ፣ ከዚያ ወጣ ብላችሁ በሰፊ ማዕዘን ተመለሱ።

ሌላው ጉዳት የበለጠ ነው። ጠርዝ የያዘ ሞተረኛ ከኋላው ላለው ሹፌር «እዚሁ ረድፍ ውስጥ እለፈኝ» እያለ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ ረድፉ 3.5 ሜትር፣ መኪናው ከስፖኪዮው ጋር 2 ሜትር ያህል፣ ሞተሩ 80 ሴንቲ ሜትር። ለሁለቱም የሚተርፈው በጠቅላላው 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ጉድጓድ ለማለፍ ትንሽ ብትወዛወዙ ያ ሁሉ ያልቃል።

ስለዚህ ሌላ ምክንያት ከሌለ ግራውን ያዙ። ከፊታችሁ ያለው ሹፌር በግራ ስፖኪዮው ያያችኋል፤ ከቀኝ መጋቢ መንገድ ብቅ የሚለው ቀድሞ ያያችኋል፤ ከኋላ ያለውም ለማለፍ ረድፍ መቀየር እንዳለበት ይገባዋል። ከፊት ከባድ መኪና ሲመጣ ወደ ቀኙ ጠጋ በሉ፤ የአይሱዙና የሲኖትራክ ነፋስ ቀላል ሞተርን ይገፋል። ካለፈ በኋላ ተመለሱ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። በ50 እየሄዳችሁ ከኋላችሁ በ80 የሚመጣ ከባድ መኪና ካለ፣ ግራውን ይዞ መከራከር ትርጉም የለውም። መንገዱ ሰፋ ያለበትን፣ ጠርዙ ንጹሕ የሆነበትን ቦታ መርጣችሁ አሳልፉት። ቦታውን የምትመርጡት እናንተ ሁኑ እንጂ እሱ አይሁን።

«እንግዲያው መሃሉ ከሁሉም አስተማማኝ ነው»

ደረቅና ክፍት መንገድ ላይ መሃሉ ምንም አይልም። መገናኛ መንገድ፣ የአውቶቡስ ፌርማታና የነዳጅ ማደያ መውጫ ላይ ግን የቆሙ መኪኖች ዘይትና ናፍጣ የሚያንጠባጥቡት ልክ መሃሉ ላይ ነው። ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ጭረት አይታችሁት ይሆናል። ከረዥም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ያንን ዘይት ከአቧራ ጋር ለውሶ ሳሙና ያደርገዋል፤ ብዙ ዘንቦ ሲያጥበው ይሻላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መኪኖች የረገጡትን መስመር ያዙ። የዜብራ ቀለም፣ የብረት ክዳንና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይለፍ፤ ሳትዘነበሉ፣ ፍሬን ሳትይዙ፣ ጋዝ ሳትጨምሩ።

«ዓይን ለዓይን ተያይተናል፣ አይቶኛል»

የሰው ዓይን ወደ እናንተ ዞረ ማለት አእምሮው አያችሁ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውና በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን በየቦታቸው የመረመረው የኸርት ጥናት፣ ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተፈጠሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሌላው ሹፌር ለሞተሩ ቅድሚያ ባለመስጠቱ የደረሱ ናቸው። አብዛኞቹ ሹፌሮች የተናገሩትም አንድ ዓይነት ነው፦ አላየሁትም።

ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሰው የሚመጣ ሞተር ጠባብ ስለሆነ ከሩቅ ሲታይ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ይመስላል፤ ትልቅ የሚሆነው መጨረሻው ላይ በድንገት ነው። በዚያ ላይ የፊት መስታወቱን የያዘው የመኪናው ምሰሶ በ20 እና በ30 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ሞተር ከነነጂው ሊጋርደው ይችላል።

መድኃኒቱ ከቦታ አያያዝ ይጀምራል። ወደ መገናኛ መንገድ ስትቀርቡ በረድፋችሁ ውስጥ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አንዴ ተሻገሩ። ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይን ይስባል፤ ከምሰሶውም ጀርባ ያወጣችኋል። ከቀኝ የሚወጣ መኪና ካለ ግራውን ያዙ። ከፊት ለፊት ወደ ግራው ሊታጠፍ የቆመ ካለ ወደ ቀኙ ራቅ በሉ። ሁለቱም ካሉ መሃሉን ይዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁን። የምትመለከቱት ደግሞ የሹፌሩን ዓይን ሳይሆን የመኪናውን የፊት ጎማ ነው። ሹፌሩ ቆሞ ሊያያችሁ ይችላል፤ ጎማው ግን መዞር ሲጀምር አይዋሽም።

በተለይ ሚኒባስ ተከትላችሁ ወደ መገናኛ መንገድ አትግቡ። ከፊት ለፊት የሚታጠፈው የሚያየው ሚኒባሱን ብቻ ነው፤ እሱ እንዳለፈ መንገዱ ባዶ መስሎት ይገባል። ከሚኒባሱ ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ጠብቁ፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን 28 ሜትር ማለት ነው። ግራውን ከያዛችሁ እናንተም ታያላችሁ፣ እሱም ያያችኋል።

ፍጥነት ሁሉንም ይወስናል። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ደህና ፍሬን ይዞ፣ አንድ ሰከንድ ለመደንገጥ ብንሰጥ፣ በ40 የሚሄድ በ20 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ60 ከሆነ 37 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ ጨምሮ ርቀቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

«ታክሲው ሲቆም በቀኙ ሾልኮ ማለፍ ነው»

የሚኒባስ ታክሲ በር በቀኝ ነው። ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ይዘላል፤ ተሳፋሪው እንደወረደ ወደ ኋላ አያይም። በእሱና በጠርዙ መካከል የሚሾልክ ሞተር የሚያገኘው ሰው ነው። በግራ እለፉት፤ ከጎኑ አንድ ሜትር ያህል ራቁ። ፍሬቻ ሳያሳይ ሊነሳ ስለሚችል እዚህም የፊት ጎማውን ጠብቁ።

ከባድ መኪና ሲሆን ይብሳል። ሲኖትራክ ወደ ቀኝ ከመታጠፉ በፊት ቦታ ለማግኘት ወደ ግራ ከፈት ይላል፤ በቀኙ የተከፈተው ቦታ መግቢያ ይመስላል። ሲታጠፍ ግን የኋላ ጎማው የፊቱን መንገድ ሳይከተል ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል፤ እዚያ ያለን ሞተር ከጠርዙ ጋር ያጣብቀዋል። የሹፌሩ ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካልታያችሁ እሱም አያያችሁም።

«ውጭ አገር እኮ በመኪኖች መሃል ማለፍ ተፈቅዷል» የሚሉ አሉ። ካሊፎርኒያ ፈቅዳለች። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚያ ባደረጉት ጥናት አንጻራዊ ደህንነት ያገኙት ግን ትራፊኩ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በማይበልጥበትና ሞተሩ ከመኪኖቹ በ24 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ሲያልፍ ነው። መኪኖቹ ከቆሙ እንግዲህ 24 ጣሪያው ነው። እግረኛ በቆሙ መኪኖች መካከል በሚሻገርበት ከተማ ከዚያም መውረድ ያስፈልጋል።

«ኩርባን ቆርጦ መያዝ ነው ጥበቡ»

የዓባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይህ ምክር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያውቃል። ገና ከመግቢያው ኩርባውን ወደ ውስጥ የታከከ ነጂ እይታውን ራሱ ይዘጋል፤ ከመውጫው ላይም ወደ ውጭ ይጣላል።

ወደ ቀኝ በሚዞር ኩርባ ግራውን ይዛችሁ ግቡ፤ ከገደሉ ግድግዳ ስለምትርቁ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ከፊት የሚመጣው ከባድ መኪና ግን ለእሱ ግራ የሆነውን ያንኑ ኩርባ ቆርጦ መስመራችሁ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ እንዳያችሁት ወደ ቀኙ ግቡ።

ወደ ግራ በሚዞረው ላይ ቀኙን ያዙ። እዚህ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ሞተር ሲዘነበል ጎማውና ጭንቅላቱ አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ጎማው መስመሩን ሳይነካ ጭንቅላታችሁና ትከሻችሁ ከመሃል መስመሩ አልፈው በሌላው ረድፍ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ጎማው ከመስመሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። ፍሬን የሚያዘው ከመግባታችሁ በፊት ነው፤ ከገባችሁ በኋላ ዓይናችሁን መውጫው ላይ ጣሉ። ፍጥነታችሁ በምታዩት ርቀት ውስጥ መቆም የምትችሉበት ይሁን፤ ከኩርባው ጀርባ የአህያ መንጋ ሊኖር ይችላል።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል»

የሚጥለው በድንገት ሲጨበጥ ወይም መሪው ዞሮ ሳለ ሲያዝ ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የፊቱ ነው። በኋላ ፍሬን ብቻ የሚተማመን ሰው ጎማው ይቆለፍበትና ወደ ጎን ይንሸራተታል። ባዶ ሜዳ ላይ ከ30 ተነስታችሁ ተለማመዱ፦ መጀመሪያ በስሱ ያዙ፣ የፊት ሾኩ ሲወርድ ይሰማችኋል፣ ከዚያ እየጨመራችሁ ጨምቁ። ጎማው ከጮኸ ወይም ከተቆለፈ ወዲያው ለቃችሁ እንደገና ያዙ። ጠጠርና ጭቃ ላይ ግን የፊቱን ቀንሱ፣ የኋላውን ጨምሩ።

«ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ነው የምነዳው»

ስለ ረድፍ አያያዝ የሚያስተምሩ ብዙ ቪዲዮዎች የሚመጡት ከሕንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ ነው። እነዚህ አገሮች በግራ ነው የሚነዱት። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነን። አስተማሪው «ቀኙን ያዙ» ሲል ለእኛ ግራው ማለት ነው፤ «ወደ ግራ የሚዞር ኩርባ» ሲል የእኛ ወደ ቀኝ የሚዞረው ነው። ከመለማመዳችሁ በፊት መኪኖቹ በየትኛው ጎን እንደሚሄዱ አይታችሁ፣ በግራ ከሆነ ግራና ቀኙን ሁሉ ገልብጡት። የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ ማርሽ በግራ እግር መሆኑ ግን በዚያም በዚህም ያው ስለሆነ አይገለበጥም።