በአሥር ሰው የቆመች ማዘጋጃ ቤት፦ ስለ ግሮደ የሚወራውና እውነቱ

ግሮደ በሰሜን ጀርመን፣ በሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ክፍለ ሀገር የባሕር ዳርቻ ያለች ቁራሽ መሬት ናት። ስፋቷ 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪዎቿ አሥር ያህል ናቸው፤ ለአንድ ሠርግ አጃቢ እንኳ አይበቁም።

«ደሴት ናት።» ካርታ ላይ ትመስላለች። የአገሬው ሰው ግን «ሃሊግ» ነው የሚላት። በአካባቢው ያሉት ትልልቅ ደሴቶች ባሕሩን የሚመልስ ከፍ ያለ ግድብ አላቸው። ሃሊግ ዝቅ ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ቢደረደርለትም ማዕበል ሲበረታ ውሃው ዘሎት ይገባል። በብርዱ ወራት ይህ በተደጋጋሚ ይሆናል፤ ሰዎቹም «ላንድ ኡንተር» ይላሉ፣ ምድሩ ከውሃ በታች ሆነ ማለታቸው ነው። ከውሃው በላይ የሚቀሩት «ቫርፍት» የሚባሉ፣ ሰው አፈር ቆልሎ የሠራቸው ሁለት ጉብታዎች ብቻ ናቸው፤ በአንዱ ላይ ሰው ይኖራል፣ በሌላው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ።

«ታዲያ ጎርፉ ቢቀርላቸው በተሻለ።» እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ባሕሩ ሲመለስ ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ሃሊግ ከፍ የሚለው በዚያ ደለል ነው። ጎርፉን ጨርሶ መከልከል ማለት ባሕሩ እየጨመረ ምድሩ ባለበት እንዲቀር መፍረድ ነው። ዳሩን ከመሸርሸር የሚያድነው ድንጋይም ከደለሉ ያስቀርባቸዋል፤ አጣብቂኙ ይኸው ነው። ደግሞ ጎርፉ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1825 የመጣው ማዕበል በሃሊጎቹ ብዙ ሰው ጨርሷል። ከ1962ቱ ማዕበል በኋላም ቤቱ ቢፈርስ እንኳ የሚቆም፣ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ያረፈ መጠለያ ክፍል በሃሊግ ቤቶች ውስጥ መሠራት ጀመረ።

«ከዓለም ተቆርጠው ነው የሚኖሩት።» መብራትም የቧንቧ ውሃም ከዋናው ምድር ይመጣላቸዋል። ሱቅ ግን የለም። ላንገነስ ወደምትባለው ጎረቤት ሃሊግ ከዋናው ምድር በባሕሩ ላይ የተዘረጋ ትንሽ ሐዲድ አለ፤ ወደ ግሮደ በጀልባ ነው።

«አሥር ሰው ማዘጋጃ ቤት ሊሆን አይችልም፤ ለቱሪስት የተፈጠረ ወሬ ነው።» በሕግ ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ናት። በሽሌስቪግ-ሆልሽታይን የሕዝቡ ቁጥር ከ70 ካልበለጠ ምክር ቤት አይመረጥም፤ መምረጥ የሚችለው ነዋሪ ሁሉ ራሱ ጉባኤ ሆኖ ይቀመጣል። ከንቲባው ደመወዝተኛ አይደለም። የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች በጋራ የሚገለገሉበት አስተዳደር ይሠራላቸዋል። «ከጀርመን ሁሉ ትንሿ» የሚለው ማዕረግ ግን አያስተማምንም፤ በራይንላንድ-ፕፋልዝ ክፍለ ሀገር ያለችው ዲርፌልድም አሥር ሰው ገደማ ናት፣ አንድ ልጅ ሲወለድ ተራው ይገለበጣል።

«በምርጫ ቀን ውጤታቸውን ከሁሉ ቀድመው ያሳውቁ የነበረው ሁሉም ጠዋት መርጠው ስለሚጨርሱ ነው።» ጠዋት ቢጨርሱም ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ሳጥኑ የሚከፈተው እንደ በርሊን ሁሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ከሌላው ይቀድሙ የነበረው ቆጠራው ደቂቃ ስለማይፈጅ ነው።