«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል»፦ አባባሉና የጦር ፖሊስ

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው አነጋገር፣ ሕግ በአባቶቻችን ዘንድ የነበረውን ክብር ከሚገልጹት ብሂሎች ሁሉ ለእኔ ይበልጥብኛል። ፍቺው ግልጽ ነው፤ በሕግ ስም «ቁም» የተባለ ሰው ጉልበት ቢኖረውም፣ መሣሪያ ቢይዝም ከቆመበት ንቅንቅ ሊል አይገባውም፤ ጆሮ የሌለው ውኃ እንኳ ይህን ቃል ቢሰማ መውረዱን ይተዋልና። አባባሉን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ጎረቤት ጠብ ስንነጋገር ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው መሣሪያ የታጠቀ ሰው በሺህ በሚተምበት ቦታ፣ ማለትም በጦርነት ጊዜ ይመስለኛል።

«አምላክ» የሚለው ቃል «መለከ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡ ገዛ፣ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «በሕግ አምላክ» ያለ ሰው ሌላውን የሚያስቆመው በራሱ ሥልጣን ሳይሆን በሕግ ባለቤት፣ በፈጣሪ ስም እየተማጸነ ነው፤ «በንጉሥ አምላክ»፣ «በምኒልክ አምላክ» የሚሉትም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በቀድሞው የፍርድ ሥርዓት ተበዳይ በዳዩን መንገድ ላይ ቢያገኘው ይህን ቃል ተናግሮ የራሱን ነጠላ ጫፍ ከባላጋራው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥርና ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቋጠሮው በአንድ እጅ የሚፈታ የጥጥ ጨርቅ ነው። ፈትቶ መሮጥ ግን ነውር ነበር።

ዘማች ጦር ከወራጅ ውኃ ጋር ይመሳሰላል፤ ብዛቱ ይገፋዋል፣ ረኃቡ ያጣድፈዋል፣ የፊተኛው ሲሮጥ የኋለኛው ይከተላል። በድሮው ዘመን መደበኛ ደመወዝ ያልነበረው ወታደር የሚኖረው በባላገሩ ላይ ተሰሪ ሆኖ፣ ማለትም በገበሬው ቤት አርፎ ከእርሱ እየበላ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ደመወዝ እየተቆረጠለት ገበሬውን ከመዝረፍ እንዲታቀብ ለማድረግ ቢሞክሩም ልማዱ በቀላሉ አልተነቀለም። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሌላው ብሂላችን፣ በፍርድ ከተወሰደች በቅሎ ይልቅ በጉልበት የተነጠቀች አንዲት ጭብጦ ትቆጫለች ማለቱ ነው። ጭብጦ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ናትና፣ ይህን ባነበብሁ ቁጥር በዓይነ ልቡናዬ የሚመጣው ጦር በደጁ ያለፈበት ገበሬ ነው።

በዘመናዊ ጦር ውስጥ ወታደሩን ራሱን «ቁም» እንዲል የተመደበው ክፍል የጦር ፖሊስ ወይም ወታደራዊ ፖሊስ ይባላል፤ የእኛ ሰው «ኤም ፒ» ብሎ የሚጠራው ማለት ነው። ዝርፊያን ይከለክላል፣ ወንጀል ይመረምራል፣ ከክፍሉ ተነጥሎ የሚንጠባጠበውን ወታደር ሰብስቦ ይመልሳል፣ ምርኮኞችን ከግንባር ወደ ኋላ ያሻግራል፣ መንገድ ያስከብራል። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የማይወራለት የመንገዱ ሥራ ነው፤ ውጊያው ግን በእርሱ ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ነበር። አሜሪካ የጦር ፖሊስን በቋሚ ኮር ደረጃ ያቋቋመችው በ1941 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንሳይ ምድር ፈተናው መጣ። ከኖርማንዲ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግሰው ጦር ነዳጅና ጥይት አለቀበት፤ ስለዚህ ከኦገስት 25 እስከ ኖቬምበር 16 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. አንዱ መንገድ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመመለሻ ብቻ ተለይቶ፣ ለሲቪል መኪና ተዘግቶ፣ ሥራው በበረታበት ወቅት ወደ 6,000 የሚጠጉ የጭነት መኪናዎች ሌትና ቀን ይመላለሱበት ነበር። አሽከርካሪዎቹ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በየመስቀለኛው መንገድ የቆመው የጦር ፖሊስ በጭቃና በአቧራ ውስጥ እጁን ባነሳ ጊዜ አሥር ጎማ ያለው ከባድ መኪና ይቆማል፤ በማዕረግ እጅግ የሚበልጠው መኮንን እንኳ በዚያ ቦታ ይታዘዘዋል። ወራጁ ውኃ በአንድ ሰው መዳፍ ሲቆም የሚታየው እዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቃሉ «በሕግ አምላክ» እንጂ «በጠመንጃዬ» እንደማይል ልብ ማለት ያስፈልጋል። የጀርመን የጦር ሜዳ ፖሊሶች በአንገታቸው ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የብረት ሰሌዳ ያደርጉ ስለነበር የገዛ ወገናቸው ወታደሮች «የሰንሰለት ውሾች» ይሏቸው ነበር። በተያዙት አገሮች ሲቪሉን በማፈስ ተካፈሉ፤ በ1945 እ.ኤ.አ. የጦርነቱ ማብቂያ ወራት ደግሞ ከድተዋል የተባሉ ወታደሮችን አድኖ በመያዝና ዛፍ ላይ በመስቀል ስማቸው ይነሳል። ሰው ይቆምላቸው ነበር፤ የሚቆመው ግን ፈርቶ ነው፤ አባባላችን የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ መቆም አይደለም።

አስቁም ባይ ፈጽሞ ሲጠፋስ? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በማይጨው የተሸነፈው ጦራችን ተበትኖ ከተመለሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ አዲስ አበባ ጠባቂ አልባ ሆነች። ጣልያኖች ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገቡ ድረስ ሱቅ ተሰበረ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ተኩሱ አላቋረጠም፤ ከዘራፊዎቹም መካከል አገር ሊያድን የዘመተ፣ ደክሞና ተርቦ የተመለሰ ወታደር ነበረበት። እርሱን ለመውቀስ እጄ አይነሳም፤ አለቃው ወድቆበት፣ የሚሰበስበውና ስንቅ የሚሰጠው አጥቶ ነበርና። የውጭ አገር ሰዎች ወደየሌጋሲዮኑ፣ ማለትም ወደየአገራቸው መልእክተኛ ግቢ ሸሹ፤ የእንግሊዝን ሌጋሲዮን ከሕንድ የመጡ ወታደሮች ይጠብቁት ነበር። ከአጥሩ ውጭ የቀረው የከተማው ሰው ግን በእነዚያ ቀናት በደጁ ቆሞ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ቢጮኽ የሚቆምለት አልነበረም።