ሱፐር ማለት ማኛ ማለት አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ የፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሞዴስ ልትገዛ የመጣች ሴት ከበሩ ጀምሮ ታስታውቃለች። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ትጠይቃለች። ከኋላዋ የቆመው ወንድ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ታገላብጣለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሞዴስም» ትላለች። እኔም በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ እሰጣታለሁ። ለሞዴስ እንዲህ ከሆነ ለታምፖን ምን እንደሚሆን አስቡት።

ታምፖን እኛ ከተማ ሱቅ ውስጥ እንደ ሞዴስ አይገኝም። በአብዛኛው የሚመጣው በሻንጣ ነው። አክስት ከዋሽንግተን፣ እህት ከዱባይ ትልካለች። ፓኬቱ ይመጣል፤ የሚያስረዳ ሰው ግን አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ተደብቆ እኔ ዘንድ ይደርሳል። «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» (ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ማረም ከተውኩ ግን ቆየሁ።)

አይታችሁት ለማታውቁ፦ ታምፖን ጥጥ ወይም ሬዮን የሚባል ጥጥ መሰል ነገር ተጠቅጥቆ በጣት ቅርጽ የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ ክር አለው። ብልት ውስጥ ገብቶ የወር አበባን ይመጥጣል። አፕሊኬተር የሚባለው ደግሞ አንዳንዶቹ ይዘውት የሚመጡት ማስገቢያ ቱቦ ነው።

ስለ ታምፖን የሚወራውን የተሳሳተ ነገር ላርም ስነሳ ከድንግልና እንድጀምር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እመጣበታለሁ። ደሜን የሚያፈላው ግን ሌላ ነው።

«ሱፐሩ ይሻላል አይደል?»

ፓኬቱ ላይ ላይት፣ ሬጉላር፣ ሱፐር፣ ሱፐር ፕላስ ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ሰው ሱፐር የሚል ሲያይ ማኛ ጤፍ ያገኘ ይመስለዋል። ሬጉላሩ ሰርገኛ፣ ሱፐሩ ማኛ! ስለዚህ ላኪዋ ሱፐር ፕላስ ትልካለች፣ ተቀባይዋም ደስ ይላታል።

የጥራት ደረጃ አይደለም። ምን ያህል ፈሳሽ ይይዛል ነው ነገሩ። በአሜሪካ መለኪያ ላይት እስከ 6 ግራም፣ ሬጉላር ከ6 እስከ 9፣ ሱፐር ከ9 እስከ 12፣ ሱፐር ፕላስ ከ12 እስከ 15 ግራም ይይዛል። ከአውሮፓ የመጣው ላይ የጠብታ ሥዕል ታገኛላችሁ፤ ጠብታው በበዛ ቁጥር የሚመጠው ይበዛል። በቃ።

ሌላዋ ደግሞ እንደ ጫማ ቁጥር ትወስደዋለች። «እኔ ሁለት ወልጃለሁ፣ ለእኔ ትልቁ ነው።» የለም እህቴ። የልጆችሽ ቁጥር እዚህ ውስጥ አይገባም። የሚወስነው የዛሬው ፍሰትሽ ነው። ያቺው ሴት በሁለተኛው ቀን ሱፐር፣ በአራተኛው ቀን ላይት ልትፈልግ ትችላለች። በአንድ ሙሉ የወር አበባ የሚወጣው ደም እኮ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። የቡና ስኒ አይሞላም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። አዲስ አበባ ደርሳ መመለሷ ነው። አውቶቡሱ የሚነሳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሆነ በ10 ሰዓት ተነስታ ሱፐር ፕላስ አደረገች። «ትልቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ያደርሰኛል ብዬ ነው» አለችኝ። የወር አበባዋ አራተኛ ቀን ነበር፤ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የመንገዱን መጸዳጃ ቤቶች ስለምታውቃቸው ለምሳ ሲቆሙም ከአውቶቡሱ አልወረደችም። አዲስ አበባ አክስቷ ቤት ገብታ ያወጣችው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ቁጠሩት፤ 15 ሰዓት። ደርቆ ተጣብቆ፣ ክሩን ስትስበው አስለቅሷታል። እሷ እኔ ዘንድ የመጣችው «ያቆሰለኝ ምን ልቀባበት?» ልትል ነው። እኔ ግን በሕይወት መምጣቷን ነው ያመሰገንኩት።

ማጋነኔ አይደለም። በፈረንጆቹ 1980 አሜሪካ ውስጥ ሪላይ የሚባል፣ ከልክ በላይ የሚመጥ ታምፖን ከገበያ ተሰብስቧል። ምክንያቱ ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም የሚባል በሽታ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ አለ፤ ብዙ ሰው አፍንጫውና ቆዳው ላይ ይዞት በሰላም ይኖራል። ብዙ የሚመጥ ታምፖን ረጅም ሰዓት ሲቆይ ግን ይመቸውና መርዝ ሊያመርት ይችላል። መርዙ ደም ውስጥ ሲገባ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ማዞር፣ ፀሐይ ያቃጠለው የሚመስል የቆዳ መቅላት ይመጣል። የደም ግፊት ይወርዳል። በሽታው በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው። ከያዘ ግን አይዘገይም።

አሁን እዚህ ባሕር ዳር ሆናችሁ እነዚህን ምልክቶች መልሳችሁ አንብቧቸው። ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ድካም። ምን አሰባችሁ? ወባ! ሁሉም ሰው የሚያስበው ወባን ነው። ተረኛው ነርስም ጣትሽን ወግቶ ደምሽን ይመረምራል እንጂ «ታምፖን አድርገሻል?» ብሎ አይጠይቅሽም። አንቺ ነሽ የምትነግሪው። ታምፖን አድርገሽ እንዲህ ካመመሽ መጀመሪያ አውጪው፣ ከዚያ ሆስፒታል ሂጂ፣ እዚያም ሳታፍሪ ተናገሪ።

ስለዚህ የሚበቃሽን ትንሹን ምረጪ። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ቀይሪው፤ ከ8 አይለፍ። ስታወጪው ገና ነጭ ሆኖ፣ ደርቆ፣ እየጎተተ ከወጣ በዝቶብሻል፤ ዝቅ በዪ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ካፈሰሰ ከፍ በዪ። በየሰዓቱ እየሞላ ካስቸገረሽ ደግሞ ሌላ ፓኬት ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልግሽ። ማታ 3 ሰዓት ተኝተሽ ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሺ ከሆነ ለሌሊቱ ሞዴስ አድርጊ። ለረጅም መንገድም ሞዴስ። ሁለት ታምፖን ባንዴ የለም። የወር አበባ ሳይኖር ለነጭ ፈሳሽ ብሎ ማድረግ የለም። ከወሊድ በኋላ ለሚፈሰው ደምም አይሆንም።

«አፕሊኬተሩም አብሮ ይቀራል»

ይህን ያመነች አንዲት ልጅ ወንበር አቀረብኩላት፣ አልቀመጥም አለች። «እንደ እንጨት ይወጋኛል።» ለካ የካርቶኑን ቱቦ ከነታምፖኑ ትታው ነው የመጣችው። አልሳቅኩባትም። ማን ነግሯት?

ከራሷ ፓኬት አንድ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አሳየኋት። ሁለት ቱቦ ነው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። አሠራሩ እንደ ሲሪንጅ ነው። የወፍራሙን ቱቦ የታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ትይዣለሽ፤ እንዳያንሸራትት ብለው ሸካራ ያደረጉት ቦታ አለ። ክሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ወፍራሙን ጣቶችሽ ሰውነትሽን እስኪነኩ ድረስ ታስገቢያለሽ። ከዚያ በሌባ ጣት ቀጭኑን ወደ ውስጥ ትገፊያለሽ። መዳፌ ላይ ስገፋው ጥጧ ሽው ብላ ወጣች። ቱቦው ባዶውን ቀረ። ልጅቷ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «እና ይሄ ይጣላል?» አለች። አዎ፣ ሁለቱም ቱቦ ወጥቶ ይጣላል። ውስጥ የሚቀረው ጥጡ፣ ውጭ የሚቀረው ክሩ ብቻ ነው።

አጫጭሮቹ የፕላስቲክ አፕሊኬተሮች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ቀጭኑ ቱቦ ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ከማስገባትሽ በፊት ቀጭ እስኪል ወደ ታች ሳቢው። ያለዚያ ብትገፊው ምንም አይወጣም፤ ከዚያ «የተበላሸ ላከችልኝ» ተብሎ አክስት ትታማለች።

አቅጣጫውም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ ወገብሽ በኩል ጋደል ይበል። በትክክል ከገባ መኖሩም አይሰማሽም። ከቆረቆረሽ ብዙ አልገባም ማለት ነው፤ አውጪውና በአዲስ ሞክሪ።

«አፕሊኬተር ያለው ለልጃገረድ፣ የሌለው ላገባች» የሚባልም አለ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ኧርል ሃስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1931 አፕሊኬተር ላለው ታምፖን የፈጠራ መብት ሲያመለክት ሐሳቡ ሴቷ ጥጡን በእጇ እንዳትነካ ነበር። በጣት የሚገባውም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቆሻሻውም ያንሳል። ብቻ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ቧንቧው ጭው ባለበት ቀን አፕሊኬተር ያለው ይቀላል፤ እሱም ቢሆን ከመታጠብ ነጻ አያወጣሽም።

እሺ፣ ድንግልና።

አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ከጉያቸው ታምፖን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። እባብ የያዙ ነው የሚመስሉት። «ይህን ልጄ ቦርሳ ውስጥ አገኘሁ። ጠፋች በዪኛ!»

«እትዬ፣ ልጅዎ የወር አበባ ታያለች?»

«ታያለች እንጂ፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ።»

«ታዲያ ደሙ በየት በኩል ይወጣል?»

ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ነገሩ ይኸው ነው። ሃይመን የሚባለው ስስ ሽፋን እንደ ማሰሮ ክዳን የተከደነ አይደለም። ዳር ዳሩን የያዘ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ሥጋ ነው። ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል፤ የሚለጠጥም ነው። አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ ዝግ ሆኖ የሚፈጠርባት ልጅ አለች። እሷ በየወሩ ሆዷን እያመማት ደም አይወጣትም፤ ሐኪም በቀላል ቀዶ ሕክምና ይከፍትላታል። ታምፖን ሽፋኑን ሊለጥጠው ይችላል፣ አንዳንዴም ጫፉን ይነካው ይሆናል። ግን ድንግልና ማለት ከወንድ ጋር አለመተኛት ከሆነ ጥጥ ወንድ አይደለም። ሐኪምም አይቶ «ይህቺ ድንግል ናት፣ ይህቺ አይደለችም» ሊል አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ ጥቅምት 2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ ይቅር ያለው ለዚህ ነው። በብር አምባር አገር ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እትዬ ራሳቸው ስቀው ሲያበቁ «ቢሆንም ሞዴሱ ይሻላታል» ብለው ነው የሄዱት። ይሁን፤ ሞዴስም ምንም አይልም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ሽንት ለመሽናት መውጣት አለበት።» የሽንት መውጫው ሌላ ቀዳዳ ነው። ክሩን ጎን አድርጊና ሽኚ።

«እርግዝና ይከላከላል።» አይከላከልም። የአባላዘር በሽታም እንደዚያው።

«ታምፖን ካደረግሽ ጣና ውስጥ ብትዋኚ ምንም አይነካሽም።» የሐይቁ ቢልሃርዝያ የሚገባው በቆዳ ነው፤ እግርሽ ላይ ታምፖን ልታደርጊ ነው? ከዋኘሽ ስትወጪ ቀይሪው፣ ክሩ ርሷልና።

«መጸዳጃ ቤት ውስጥ ጥዬ ውሃ እለቅበታለሁ።» ይደፍናል። በወረቀት ጠቅልለሽ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣዪው፤ አፕሊኬተሩንም።

«ታምፖን ካደረግኩ ቤተ ክርስቲያን መግባት እችላለሁ?» ይህ የነፍስ አባትሽ ጥያቄ ነው። እኔ ዘንድ የመድኃኒት እንጂ የቀኖና መደርደሪያ የለም።

«ውስጥ ይጠፋል፣ ወደ ሆድ ይወጣል።» የት ሊሄድ! ብልት መጨረሻ ያለው ቦታ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው የማህፀን በር ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ደም ያንጠባጥባል እንጂ ታምፖን አያሳልፍም። ክሩ ከጠፋብሽ እጅሽን ታጠቢ፣ ቁጢጥ በዪ፣ እንደ ማማጥ አድርጊና በጣትሽ ፈልጊው። ካልተገኘ፣ ወይም ረስተሽው ቀናት አልፈው መጥፎ ጠረን ካመጣ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አዋላጅዋ በሁለት ደቂቃ ታወጣዋለች። ምን ትለኝ ይሆን ብለሽ አትጨነቂ፤ ጠዋት ሦስት ሴት አዋልዳ ነው የመጣችው።