ባለቤቱ የሚያውቀው፣ ፈተናው የማያገኘው የማስታወስ መድከም ምንድን ነው?

አንዲት የ70 ዓመት እናት ጓዳ ገብተው «ምን ፈልጌ ነበር የመጣሁት?» እያሉ በሩ ሥር ቆመዋል። ቀን ሙሉ አልመጣ ያላቸው የወዳጃቸው ስም፣ ማታ ጋደም ሲሉ ሳይጠሩት ድቅን ይላል። ሲመረመሩ «ደህና ነዎት» ተብለዋል፤ እሳቸው ግን ልባቸው አላረፈም።

ሐኪሙም እሳቸውም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለው፣ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተውለው የአእምሮ መድከም (subjective cognitive decline) ይባላል፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በተስማሙበት አገላለጽ፣ ሰውየው ከቀድሞው እንደደከመ ራሱ ያስተውላል፤ ሲፈተን ግን ለዕድሜውና ለትምህርት ደረጃው ከሚጠበቀው አይወርድም። በፈተናም ወርዶ የዕለት ኑሮውን ግን ራሱ የሚመራ ከሆነ፣ መለስተኛ የአእምሮ መድከም የሚባለው ሌላ ደረጃ ነው።

ፈተናው መድከሙን ለምን አያገኘውም? የሚያወዳድራቸው ከእኩዮቻቸው ጋር እንጂ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት ከራሳቸው ጋር አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ በቃላቸው ሲሠሩ የኖሩ ሰው ጥቂት ቢደክሙም ከእኩዮቻቸው ሊበልጡ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ለእሳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ «እርጅና ነው፣ ይተዉት» ማለት እሳቸውን አለመስማት ነው ብዬ አምናለሁ። ማስፈራራትም አይገባም፦ እንዲህ የሚሰማቸው አብዛኞቹ ወደ መርሳት በሽታ አይሄዱም፤ ስጋቱ ግን ምንም ከማይሰማቸው ሰዎች ከፍ ይላል።

መጀመሪያ የሚፈለገው ሊስተካከል የሚችል ምክንያት ነው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች። ጆሮም አይዘንጋ። በደንብ ያልተሰማ ነገር አእምሮ ውስጥ አልገባም፤ በኋላ ግን «ረሳሁት» ይባላል።

በመርሳት በሽታ የመያዝ ስጋታቸው ከፍ ያለ 1,260 ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆነ፣ በፊንላንድ ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ለሁለት ዓመት አመጋገብን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የደም ግፊትን የመሳሰለ ክትትልን አንድ ላይ የያዙት፣ የተለመደ ምክር ብቻ ካገኙት በአእምሮ ፈተና የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ልዩነቱ ትልቅ አልነበረም፤ ቢሆንም እኔ ተስፋ አይበታለሁ።

ቤተሰብ የጠፋባቸውን ስም ከአፋቸው ባይነጥቅ መልካም ነው። ጥቂት ቢጠበቁ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያገኙታል። የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ከጠየቁ፣ ወይም ለውጡን ከእሳቸው ቀድመው ሌሎች ካዩት ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው፣ በቅርብ የሚያውቃቸው ሰውም አብሯቸው ይግባ።