የሥነ ምግባር ትምህርት በዲጂታል መማሪያዎች

ለሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች የሚዘጋጁ ዲጂታል መማሪያዎች ሥነ ምግባርን ሲያስተምሩ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ጎራዎች ይከፍሉታል። አንዱ ድርጊትን በውጤቱ ይመዝናል፤ እንግሊዛውያኑ ፈላስፎች ቤንታምና ሚል ይጠቀሱበታል። ሌላው የጀርመናዊው ፈላስፋ የካንት ነው፤ ግዴታን ያስቀድማል። ሦስተኛው ከአርስቶትል ይነሳና «ምን ላድርግ?» ከማለት በፊት «ምን ዓይነት ሰው ልሁን?» ብሎ ይጠይቃል። በማያ ገጽ ላይ ክፉኛ የሚጎዳው ይኸኛው ነው፤ በልምድ የሚገነባ ባሕርይ በአንድ ጠቅታ አይታይምና።

ለጠቅታ የሚመቸው አጣብቂኝ ነው። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡት የትራም ምሳሌ በየመማሪያው ይገኛል፦ ትራሙ ከቁጥጥር ውጭ ሆኗል፤ ነጂው ሐዲድ ካልቀየረ አምስት ሠራተኞች ይሞታሉ፤ ከቀየረ አንድ። አኒሜሽኑ ይሮጣል፣ ተማሪው ይመርጣል፣ የክፍሉ ድምፅ በመቶኛ ይወጣል። ፉት ግን ትራሙን ለብቻው አላቀረቡትም። ከጎኑ ዳኛ አለ፤ ዓመፀኞች የያዟቸውን አምስት ታጋቾች ለማዳን አንድ ንጹሕ ሰው ወንጅሎ ያስገድል ወይ የሚል። በሁለቱም ቦታ ስሌቱ አንድ ለአምስት ሆኖ ሳለ ነጂውን ፈቅደን ዳኛውን የምንከለክለው ለምንድን ነው? ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ዳኛው ከተተወ የሚቀረው ጨዋታ ነው።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት የአሽከርካሪ አልባ መኪና መጠይቅም (አደጋ የማይቀር ሲሆን መኪናው ማንን ያድን የሚለው) ለክፍል ይመቻል። ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ውሳኔዎች ተሰብስበውበታል፤ ምርጫዎቹም ከአገር አገር ይለያያሉ። አደጋው ተማሪው ብዙ ሰው የመረጠውን ትክክል ከሆነው ጋር ማምታታቱ ነው።

ራሱ የሚያርም የምርጫ ጥያቄ «ይህን ያለው ማን ነው?» የሚለውን ያርማል፤ ክርክር መርምሮ ማረም ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ስምና ትርጓሜ ይበዛል፣ ምክንያት ይሳሳል። የተሻሉት መማሪያዎች የክፍሉን ውጤት ከማሳየታቸው በፊት ተማሪው ምክንያቱን እንዲጽፍ፣ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ራሱ እንዲያቀርብ፣ ከውይይት በኋላም ተመልሶ መልሱን እንዲያሻሽል ያደርጋሉ።

በአንድ ነገር ከታተመው መጽሐፍ ይበልጣሉ፦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ዘረመል አርትዖት የሚነሱ ጥያቄዎችን አዲስ እትም ሳይጠብቁ ማስገባት ይችላሉ። የሚጨመረው ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ርዕስ እንጂ አዲስ የአስተሳሰብ ልምምድ አይደለም።