ዝንጅብሉ ድምፅሽ ጋ አይደርስም፦ ስለ ክላሲካል ድምፅና ስለ አስተማሪው የሚባሉ ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ ድምፅ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከየቤተ ክርስቲያኑ ኳየር የሚመጡ ናቸው። ትምህርት ከመጀመራችን በፊት ከጭንቅላታቸው የምነቅላቸው አባባሎች አሉ።

«ልጄን ዘፋኝ ልታደርጊያት ነው?»

አንዲት እናት በሬ ላይ ቆመው የጠየቁኝ ነው። ይገባኛል፤ እኛ ዘንድ «ዘፋኝ» የሚለው ቃል ይከብዳል። እኔ የማስተምረው ግን በአብዛኛው ኦራቶሪዮ ነው። ኦርኬስትራ፣ ኳየርና ሶሎ ዘማሪዎች ቆመው ታሪክ ይተርካሉ፤ እንደ ኦፔራ አልባሳትና ትወና የለውም። የሙዚቃ ደራሲው የሃንደል «መሲሕ» የሚባለው ኦራቶሪዮ ቃሉ የተለቀመው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በፈረንጆች 1741 በ24 ቀን አካባቢ ተጻፈ፣ በ1742 ደብሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ስሙን ለምን አከበዳችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ሃሌሉያው መጨረሻው ነው»

አይደለም፤ ኳየሩ የሚዘምረው ሃሌሉያ የ«መሲሕ» ሁለተኛው ክፍል መዝጊያ ነው። ሦስተኛው ይቀጥላል፤ የሶፕራኖዋ፣ የከፍተኛው የሴት ድምፅ ዘማሪዋ፣ ጭንቅም ይኼኔ ነው። ወንዶቹ፣ ወፍራሙ ቤዝና ቀጭኑ ቴኖር፣ ሲዘምሩ፣ ኳየሩ ሃሌሉያን ሲያስተጋባ ዝም ብላ ተቀምጣ ቆይታለች። ድምጿ ቀዝቅዟል። አዳራሹ ጸጥ ሲል ትነሳና «የሚቤዠኝ ሕያው እንደ ሆነ አውቃለሁ» የሚለውን በዝግታ፣ ከጥቂት መሣሪያ ጋር ትጀምራለች። መደበቂያ የላትም። ተማሪዎቼን ለዚህ የማለማምዳቸው ግማሽ ሰዓት ዝም አሰኝቼ፣ ከዚያ በድንገት አስነስቼ ነው። አይወዱትም።

«ያለ ማይክ መዘመር መጮህ ነው»

የሚጮህ ሰው ሁለት ሰዓት አይቆይም። የኦርኬስትራው ጉልበት በአብዛኛው ዝቅ ያለው ድምፅ ላይ ነው። የሠለጠነ ድምፅ ደግሞ በሰከንድ 3000 ንዝረት አካባቢ ጎልቶ ይወጣል፤ ጆሯችንም እዚያ ላይ ንቁ ነው። «የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለኝ ደግሞ ማይክ ከመምጣቱ በፊት ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፈው ማኅሌት የቆሙትን ሊቃውንት አስታውሰዋለሁ።

«ዝንጅብልና ማር ድምፅ ይከፍታል»

ይህቺ ደግሞ አትሞትም። የፋሲካ ፕሮግራም ሳምንት ሲቀረው አንዷ ተማሪዬ ድምጿ ተዘግቶ መጣች። ፔርሙዝ ታቅፋለች፤ ዝንጅብል፣ ማር፣ ሎሚ። ጠዋት ጥሬ እንቁላል ውጣለች። «ቲቸር፣ አሞራ ገደል ሄጄ የዓሣ ሾርባም ጠጥቻለሁ» አለችኝ እያንሾካሾከች።

«ውሃ ትን ብሎሽ ያውቃል?»

«አዎ።»

«ድምፅሽ ጋ ሊደርስ የነበረው እሱ ነው።»

የድምፅ አውታሮች ያሉት ማንቁርት ውስጥ፣ የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። የምንውጠው በምግብ ቧንቧ ይወርዳል፤ ስንውጥም የአየሩ መንገድ ይዘጋል። ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያስታግሳል፣ እሰየው። ውሃም አውታሮቹን ያረጥባል፤ ግን በሰውነት ዞሮ፣ ቀስ ብሎ ነው። አውታሮቹ ላ 440 የሚባለውን ኖታ ስንዘምር በሰከንድ 440 ጊዜ ይጋጫሉ። ያበጠን ነገር እንዲህ እያጋጩ ማዳን የለም። ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም። «ዝም በይ» አልኳት። ተከፋች።

ስትከፋ የጄኒ ሊንድን ታሪክ ነገርኳት። ስዊድናዊቷ የኦፔራ ድምፃዊት በፈረንጆች 1841፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ ድምጿ አልቆ ፓሪስ ወደ ድምፅ አስተማሪው ማኑኤል ጋርሲያ ሄደች። እሱም መጀመሪያ ያዘዘላት ለሳምንታት እንዳትዘምር ነበር። ኋላ የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን «ኤልያስ» የሚባለውን ኦራቶሪዮ ሲጽፍ የሶፕራኖውን ክፍል እሷን አስቦ ጻፈው።

«መዘመር ያቃተው ያስተምራል»

ይሄ እኔንም ይነካኛል፣ አልዋሽም። ጋርሲያ ራሱ መድረክ ትቶ ነው አስተማሪ የሆነው። ግን በ1854 በትንሽ መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ አውታሮቹን ሲሠሩ ያየው ያው አስተማሪ ነው። ሊንድም ያንን ሁሉ ዝና አግኝታ፣ የለንደኑ ሮያል የሙዚቃ ኮሌጅ በ1883 ሲከፈት ድምፅ ልታስተምር ገባች። ኦራቶሪዮ ደግሞ የሚበዛው ገናና ፋሲካ ሰሞን ነው። በቀረው ወር ዘማሪው ምን ይብላ? ብዙዎቹ ያስተምራሉ። ሌላው ስህተት ሲሠራ ሰምቶ ከየት እንደመጣ መፈለግም የራስን ጆሮ ያሾላል።

ልጅቷ ለፋሲካ አልዘመረችም። ሶፕራኖዎቹ መሐል ቆማ ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ አየኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመጣ ድምጿ ተመልሷል። ፔርሙዙም አብሯት ነበር።